ገቢያቸው ከእርዳታ መስመር በላይ ስለ ሆነ ወላጆችና ስለ ኮሌጅ ወጪ



ለዛሬው ጉባኤ የመረጥሁት ነገር በመጀመሪያ ሲሰሙት ከሥራችን የራቀ ይመስላል። ይኸውም በአሜሪካ የሚኖሩ፥ ገቢያቸው መልካም የሆነ ቤተሰቦች ያለ እርዳታ የልጆቻቸውን የኮሌጅ ወጪ እንዴት እንደሚችሉት ነው። ደመወዙ በብር የሚቆጠር መምህር ስለ ባለ ዶላር ችግር ምን አገባው የሚለኝ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ነገር ግን የትምህርት ማስረጃቸውን ከእጃችን ተቀብለው ወደ ወላጆቻቸው የሚሄዱ ተማሪዎች አሉ፤ እዚያ ያሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም ነገሩ ሲከብዳቸው «አንተ መምህር አይደለህምን?» እያሉ ወደ እኛ ይደውላሉ።

በአገራችን የኮሌጅ ትምህርት ለረጅም ዘመን በነጻ ሲሰጥ ኖሮ፥ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ተማሪው ራሱ ውል እንዲፈርምና ሥራ ሲይዝ ከገቢው እንዲከፍል ተደረገ። ውሉ የአባትን ሀብት አይጠይቅም ነበር። የአሜሪካ ሥርዓት መነሻው ሌላ ነው። በዚያ አገር ለልጁ ትምህርት መጀመሪያ ኀላፊ የሚሆነው ወላጅ ነው፤ መንግሥትና ኮሌጁ የሚመጡት ወላጅ ሊከፍል አይችልም ተብሎ በሒሳብ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

ሒሳቡ የሚሠራው ፋፍሳ በሚባለው ቅጽ ነው። ቅጹ የሚያየው ከሁለት ዓመት በፊት የነበረውን የግብር መግለጫ ነው። ከገቢው ላይ ግብሩና ለኑሮ ተብሎ የተወሰነው መጠን ከተቀነሰ በኋላ፥ በመጨረሻው እርከን ላይ ከሚቀረው ከ100 እጅ 47ቱ ለኮሌጅ ሊውል ይችላል ተብሎ ይቆጠራል። በባንክ ካለው የወላጅ ገንዘብ እስከ 5.64 በመቶ፥ በልጁ ስም ከተቀመጠው ደግሞ 20 በመቶ ይታሰባል። ስለዚህ ለልጁ አስበው በስሙ የሚያስቀምጡለት ወላጆች ሳያውቁ ይጎዱታል። ቅጹ በሚሞላበት ቀን የእቁብ ዕጣ የደረሰው ሰውም በባንክ ያለው ገንዘብ ሁሉ እንደ ጥሪቱ ይቆጠርበታል፤ ነገ ለሌላው እንደሚከፍለው ቅጹ አያውቅም።

እንግዲህ ባል መሐንዲስ፥ ሚስት አስታማሚ ሆነው በዋሽንግተን አካባቢ በዓመት 190,000 ዶላር የሚያገኙ፥ ሁለት ልጆች ያሏቸው ቤተሰብ እናስብ። በግምቴ ቅጹ በየዓመቱ 40,000 ዶላር ያህል መክፈል ይችላሉ ይላቸዋል። ቀድሞ ሁለት ልጆች አንድ ላይ ኮሌጅ ቢገቡ ይህ መጠን ለሁለት ይካፈል ነበር፤ ከ2024-25 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ግን ማካፈሉ ቀርቷል። ዝነኞቹ የግል ኮሌጆች ከምግብና ከመኝታ ጋር በዓመት ከ80,000 ዶላር በላይ ይጠይቃሉ። ይህን ለዕጩ መምህራኖቼ የሒሳብ ጥያቄ አድርጌ ሰጥቻቸው ነበር፤ 85,000 በአራት ዓመት 340,000፥ ለሁለት ልጆች 680,000 ዶላር ሲሆንባቸው፥ አንዱ መልሱን እንደተሳሳተ አድርጎ ሰረዘው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ያ ቤተሰብ ባዶ እጁን ሊሆን ይችላል። ለምን ቢሉ፥ ላለፉት 15 ዓመታት የእናትን መታከሚያ፥ የእኅትን የትምህርት ክፍያ፥ የአጎትን ቤት ማደሻ ሲልክ ኖሯል። ወደ አገር ቤት የተላከ ገንዘብ በቅጹ ላይ ቦታ የለውም። ሕጉን ጨካኝ ነው ብዬ አልፈርድበትም፤ መስመር የሚያሰምር ሰው የሩቁን ዘመድ ሁሉ ሊቆጥር አይችልምና። የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ገንዘብ በልጅ ፊት አይነገርም። አባት «አንተ ብቻ ተማር፥ ሌላው የእኔ ነው» ይላል፤ ልጁም አምኖ ለስሙ ሲል ዝነኛውን ኮሌጅ ይመርጣል፤ የመቀበያው ደብዳቤ ከመጣ በኋላ ወላጆቹ እንቢ ለማለት ያፍራሉ። ከዚያ የወላጅ ብድር ይፈረማል፤ ወለዱም የጡረታ ዕድሜያቸውን ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ሕግ ይህን ብድር ከሐምሌ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአንድ ተማሪ በዓመት ከ20,000፥ በጠቅላላው ከ65,000 ዶላር እንዳያልፍ ወስኖታል። ብዙዎች ተቆጥተዋል፤ እኔ ግን ከሕጉ ብዙ ክፍል ይህን አንዱን ወድጄዋለሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከሁሉ አስቀድሞ የተለጠፈው ዋጋና በእርግጥ የሚከፈለው ዋጋ አንድ አለመሆናቸውን ማስረዳት ያስፈልጋል። ከ2011 ጀምሮ የመንግሥት እርዳታ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ የእውነተኛውን ዋጋ ማስሊያ በድረ ገጹ ላይ እንዲያኖር ሕግ ያስገድደዋል፤ ወላጅ ልጁ ገና 10ኛ ክፍል ሳለ ቁጥሩን አስገብቶ ማየት ይችላል። ሀብታሞቹ ኮሌጆችም መስመራቸውን ከፍ አድርገዋል። ሃርቫርድና ኤም.አይ.ቲ. ከ2025 የመኸር ወራት ጀምሮ ገቢያቸው 200,000 ዶላርና ከዚያ በታች ከሆነ፥ ተራ ጥሪት ካላቸው ቤተሰቦች የትምህርት ክፍያ አይቀበሉም። ነገር ግን እነዚህ ኮሌጆች የሚቀበሉት ተማሪ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ኑሮን በዚህ ተስፋ ላይ መሥራት ሎተሪ ቆርጦ ቤት እንደ መጀመር ነው።

የሚበዛው ቤተሰብ መንገድ የክፍለ ሀገሩ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2024-25 ለነዋሪው ተማሪ የትምህርቱ ክፍያ በአማካይ 11,610 ዶላር ሲሆን፥ በግል ኮሌጅ 43,350 ነበር። የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት በማኅበረሰብ ኮሌጅ ተምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሻገርም አለ፤ ለምሳሌ በሰሜን ቨርጂኒያ ያለው የማኅበረሰብ ኮሌጅ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት አለው። ወገኖቻችን ይህን እንደ ውድቀት ያዩታል። እኔ ከሁለት ዓመት የመምህራን ማሠልጠኛ ተነሥተው ዲግሪ የያዙ ባልደረቦች በዚህ አዳራሽ ስለማይ፥ ከየት ያመጡት ንቀት እንደ ሆነ አይገባኝም። ከዚህ ሌላ፥ ስማቸው ብዙ ያልገነነ የግል ኮሌጆች ጎበዝ ተማሪ ለመሳብ ገቢ ሳይጠይቁ የውጤት ሽልማት ይሰጣሉ፤ የአይቪ ሊግ ዩኒቨርሲቲዎች ግን በውጤት ብቻ ገንዘብ አይሰጡም። ልጁ ራሱም በስሙ በመጀመሪያው ዓመት 5,500 ዶላር ከመንግሥት ሊበደር ይችላል፤ ይህ የወላጅ ገቢ አይከለክለውም።

ገቢው ከሁለት ዓመት ወዲህ የቀነሰበት፥ ሥራ ያጣ ወይም ለሕክምና ብዙ ያወጣ ቤተሰብ ደግሞ ለኮሌጁ የእርዳታ ክፍል ማመልከት ይችላል። ኀላፊው ሒሳቡን ለማሻሻል ሥልጣን አለው። ለእናት መታከሚያ የተላከውን ገንዘብ ይቀበለው እንደ ሆነ በኀላፊው ፈቃድ ነው፤ ደረሰኙን ያልያዘ ግን መጠየቅም አይችልም። ስለዚህ ለሚደውሉላችሁ ሁሉ የባንክና የሐዋላ ደረሰኛቸውን እንዳይጥሉ ንገሯቸው። አብዛኞቹ ኮሌጆች የተማሪውን መልስ የሚጠብቁት እስከ ሜይ 1 ቀን ስለ ሆነ፥ ማመልከቻው የእርዳታው ደብዳቤ በደረሰ በዚያው ሳምንት መላክ አለበት፤ አጭር ሆኖ፥ ለቅሶ ሳይበዛበት፥ ቁጥሩ ከማስረጃው ጋር የተያያዘ ይሁን።