የእንሰት አጠውልግ በሽታ ባክቴሪያ የዘር ሐረግና የገበሬው ቢላዋ
ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



በጂንካ ዙሪያና በገዘር ያለውን የኣሪን ደጋ የተመለከተ ሁሉ እንሰት ለሕዝቡ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። እንሰት ለቆጮ እስኪደርስ በርካታ ዓመታት ይፈጃል፤ ስለዚህም አንድ ተክል ሲጠወልግ የሚጠፋው የዓመታት ድካም ነው።

የአጠውልግ በሽታ የሚመጣው ዛንቶሞናስ ከተባለ ባክቴሪያ ነው። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ከእንሰት ለይተው ገለጹት፤ በ1974ም ያው ተሕዋስ ሙዝን እንደሚያጠቃ አስታወቁ። በ2001 በዩጋንዳ የሙዝ እርሻ ታየ።

ባክቴሪያ ለሁለት እየተከፈለ ስለሚራባ ልጁ የወላጁ ግልባጭ ነው። አልፎ አልፎ የሚደርሱት ጥቃቅን ለውጦች ግን ወደ ተከታዩ ትውልድ ይተላለፋሉና፣ ተሕዋሱ የመጣበትን መንገድ ያመለክታሉ። በ2012 የታተመ ጥናት ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ ናሙናዎችን ሲያነጻጽር ልዩነታቸው እጅግ አነስተኛ ሆኖ፣ በሁለት ዐበይት ቅርንጫፎች ተከፍለው ተገኙ። የኢትዮጵያው ከኮንጎና ከሩዋንዳ ጋር፣ የዩጋንዳው ከኬንያና ከታንዛኒያ ጋር ተመደበ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? በመጀመሪያ፣ ጠላታችን በየመንደሩ አዲስ ሆኖ የሚፈጠር ሳይሆን ከቦታ ወደ ቦታ የሚጓጓዝ ነው። የሚያጓጉዘውም በአብዛኛው የሰው እጅ ነው፤ የታመመውን ተክል የቆረጠ ቢላዋ ጤነኛውን ሲነካ፣ የተበከለ ችግኝም ከጓሮ ወደ ጓሮ ሲሻገር በሽታው አብሮ ይሄዳል። ቢላዋን በእሳት መለብለብ ወይም በበረኪና ማጠብ ታላቅ ፋይዳ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ፣ የዘር ብዝኃነቱ ያለው በገበሬው ወገን ነው። ጃፓናዊው ተመራማሪ ማሳዮሺ ሺገታ በኣሪ ገበሬዎች ዘንድ በስም ተለይተው የሚታወቁ ከ70 በላይ የእንሰት ዓይነቶችን መዝግቧል። በሽታውን ፈርቶ ጓሮውን ሁሉ በአንድ ዓይነት መሙላት ይህን ሀብት ማጥፋት ነው፤ አደጋም አለው። ዲገሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ በ2005 ተለቆ በስፋት ከተዘራ በኋላ፣ በ2013 አዲስ የግንድ ዋግ ዘር በባሌና በአርሲ እንዴት እንዳወደመው አንዘንጋ። የዋግ ብናኝ በነፋስ ይጓዛልና ገበሬው ሊያግደው አይችልም፤ የእንሰቱን ባክቴሪያ ግን ማገድ ይቻላል።

የእኛ የመሐንዲሶች ድርሻም እዚህ ላይ ይጀምራል። ባክቴሪያ የሚሸሸግበት ስንጥቅ የሌለው፣ በቀላሉ የሚጸዳ፣ የገበሬው አቅም የሚፈቅደው የመቁረጫና የመፋቂያ መሣሪያ መንደፍ ከሙያችን ውጭ አይደለም። የዘር ሐረጉን ጥናት ለባለሙያዎቹ እንተው፤ ቢላዋው ግን የእኛ ጉዳይ ነው።