አጥንቱን ሲጠጉበት ስለሚያጉረመርም ውሻ



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ አይደለም፤ በየደጃችን ስለሚተኛው ውሻ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንላለን፤ ቤት መጠበቁንም ሁላችን እንወድለታለን። ነገር ግን አጥንት ይዞ ሳለ ሰው ሲጠጋው ጥርሱን የሚያሳይ ውሻ ያለው ሰው ነገሩን በቀላሉ ሊያየው አይገባም። ሳያውቅ የሚጠጋው ሕፃን ነውና፤ ሕፃንም ቁመቱ አጭር ስለ ሆነ ንክሻው ፊቱ ላይ ያርፋል።

ውሻው ሲያጉረመርም ብዙዎቻችን ዱላ እናነሣለን። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። እርሱ የፈራው የያዘውን እንዳይቀሙት ነው፤ ማጉረምረሙም ማስጠንቀቂያ ነው። ስለ ማጉረምረሙ የተደበደበ ውሻ ማጉረምረሙን ይተውና ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል።

እንግዲህ ምግቡን ልጆችና ሌሎች ውሾች ከማይደርሱበት ቦታ ስጡት። በሚበላበትም ጊዜ አንድ ትልቅ ሰው ራቅ ብሎ ይለፍና፣ ውሻው ገና ሳይቆጣ፣ ከያዘው የሚበልጥ ነገር ወርውሮለት መንገዱን ይቀጥል። ለውሻ ሥጋ? ብሎ የሚስቅ አይጠፋም፤ የጣት ጫፍ የምታህል ቁራጭ ትበቃለች፤ በጾም ወራትም የተቀቀለ እንቁላል ይሆናል። እንዲህ እያደረጉ በየጥቂት ቀኑ አንድ እርምጃ መቅረብ ነው። ውሻው ሰውነቱን ካደረቀ፣ ዐይኑን ካፈጠጠ ወይም አበላሉን ካጣደፈ ተቻኩላችኋልና ወደ ኋላ ራቁ። የሚመጣው ሰው የሚቀማ ሳይሆን የሚጨምር መሆኑን ሲለምድ ጭራውን እየቆላ ይጠብቃችኋል።

ጫማ ወይም የልጆች ኳስ ይዞ ሲሮጥም አታሳዱት። ቁራጩን ወደ ሌላ በኩል ወርውሩለት፤ ለመብላት ሲሄድ ዕቃውን አንሡ። ይህን ማስተማር በቡችላነቱ ይቀላል። ሥራው ግን የልጆች አይደለም፤ ከዚህ ቀደም ሰው የነከሰ ውሻም ሲበላ በበረት ይዘጋበት።

ቀድሞ ገር የነበረ ውሻ በድንገት ጠባዩ ቢለወጥ፣ ለሃጩን ቢያዝረበርብ ወይም ያለ ምክንያት ቢናከስ፣ ይህ የትምህርት ጉዳይ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሳትነኩት ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አስታውቁ። ማናቸውም ውሻ ሰው ቢነክስ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ የተነከሰውንም በዚያኑ ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ክትባቱ የሚያድነው የበሽታው ምልክት ሳይታይ ሲጀመር ነው።