ብሽሽት ውስጥ ስለሚያመን ሕመም
(ዓርብ ዕለት በጉለይል ለእኅቶች የተሰጠ ንግግር)

እኅቶቼ፣ ስለ ጤና ተናገሪ ስባል ደንግጬ ነበር። ነርስ አይደለሁም፤ ትምህርቴም 10ኛ ክፍል ላይ ነው የቀረው። ግን ይህን ሕመም ሁለት ዓመት ተሸክሜዋለሁ፤ ሐኪሟን ጠይቄ የገባኝን ልንገራችሁ።

የጀመረኝ በሁዳዴ ስግደት ላይ ነው። ስነሣ ግራ ብሽሽቴ ውስጥ ቀጭ አለ። ብርድ ነው አልኩ፤ ኤሲ ሥር የምንተኛ ሰዎች መልሳችን ይኸው ነው። አንዷ ኩላሊት ነው አለችኝ፣ ውኃ ጠጣሁ። ፓናዶል ዋጥኩ። ቁጢጥ ብዬ ወለል ስወለውል፣ መኪና ውስጥ ስገባ፣ ካልሲ ሳጠልቅ ይወጋኛል። ቀጥ ብዬ ስቆም ይተወኛል። እንዲህ ስለሆነ ነው ችላ ያልኩት።

መጨረሻ ላይ ለማዳም ስነግራት «ዘህር» አልኳት። ወገብ ማለት ነው፤ ሌላ ቃል አላውቅም ነበር። እውነቱን ለመናገር ባባ አጠገቧ ቆሞ ብሽሽቴን በእጄ ማሳየትም አፍሬ ነው። ስለዚህ ወገቤን ራጅ አነሡኝ፤ ምንም አልተገኘም። ከዚያ በኋላ ውሸታም እንዳልባል፣ በሽተኛ ናት ብለውም እንዳይመልሱኝ ፈርቼ ዝም አልኩ። በዝምታው አንድ ዓመት ሄደ።

ቃሉ «ወርክ» ነው። ዳሌ ማለት ነው። ያዙት። የምታፍሩ ደግሞ «ዶክቶራ» በሉ፤ ሴት ሐኪም መጠየቅ እዚህ አገር ነውር አይደለም። እኔም ሁለተኛ ጊዜ ያገኘሁት ሴት ሐኪም ነው። በጀርባዬ አስተኝታ ጉልበቴን ወደ ደረቴ አጥፋ ወደ ውስጥ ስታዞረው ጮኽኩ። ከዚያ ራጅ፣ ቀጥሎ ኤም አር አይ አዘዘችልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጭን አጥንት ራስ እንደ ኳስ ክብ ነው፤ የዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ላይ ተቀምጦ ይዞራል። በጎድጓዳው ጠርዝ ዙሪያ ለስላሳ ቀለበት አለ። የፕሬዠር ድስት ክዳን ጎማ ታውቁ የለ? እሱን ይመስላል፤ ሥራውም ያው ነው፣ መገጣጠሚያውን ገጥሞ ይይዛል። አንዳንድ ሰው ኳሱ ላይ እብጠት መሰል አጥንት ይኖረዋል፣ የሌላው ጎድጓዳ ጠርዙ ይረዝማል። እግር በጣም ሲታጠፍ አጥንት ከአጥንት ይጋጭና ጎማው ይሰነጠቃል። ራይንሆልድ ጋንዝ የሚባል የስዊዘርላንድ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ2003 እ.ኤ.አ. ይህ ግጭት ዳሌን ቀስ በቀስ እንደሚያበላሽ ጽፏል። ያን ጊዜ እኔ ተማሪ ነበርኩ።

የእኔ ጎማ ተሰንጥቋል። ይህን የሚያክሙበት «ሚንዛር» ይባላል፤ ለጨጓራ ሲሉት የሰማችሁት ቃል ነው። የዳሌው ግን በቀዳዳ ነው። ያስተኙሻል፣ መገጣጠሚያው ትንሽ እንዲከፈት እግርሽን በመሣሪያ ይስባሉ፣ 2 ወይም 3 ትናንሽ ቀዳዳ ከፍተው ካሜራና ቀጭን ዕቃ ያስገባሉ። የተሰነጠቀውን ይሰፋሉ፣ ትርፉን አጥንት ይሞርዳሉ፣ ተሰብሮ የሚንሳፈፍ ቁራጭ ካለ ያወጣሉ። ብዙ ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ከሆስፒታል ይወጣል። ቀዳዳው ትንሽ ነው ማለት ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም። ለሳምንታት በክራንች ነው የሚኬደው፤ እንደኛ ላለ ሥራ ደግሞ ወራት ይፈልጋል።

ሁሉም ሰው አያስፈልገውም። በፊዚዮቴራፒና አቀማመጥን በማስተካከል የሚሻለው አለ። በሌላ በኩል የመገጣጠሚያው ልስላሴ አልቆ አጥንት ከአጥንት ከተፋጨ ሚንዛር አይጠቅምም፤ ያን ጊዜ «ተብዲል መፍሰል» ነው፣ መገጣጠሚያውን በብረት መቀየር። ያ ዝም ያልኩበት ዓመት የሚቆጨኝ ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አትቆጡኝ። ለመወፈር የሚዋጥ ኪኒን በመካከላችን ይዞራል። ዴክሳሜታዞን ከሆነ ብዙ ጊዜ ሲወሰድ የዳሌውን ኳስ ደም ያስቀራል፤ አጥንቱ ይሞታል። ወድቃችሁ እግራችሁን መርገጥ ካቃታችሁ ወይም የዳሌ ሕመም ከትኩሳት ጋር ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ 997 ደውሉ።

ስለ ሥራ የምትጨነቁ፣ በዚህ አገር ደንብ የቤት ሠራተኛ በሐኪም ወረቀት በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ አላት። «ኢጃዛ መረዲያ» ይባላል። ወረቀቱን ሐኪሟን ጠይቁ፣ ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ። 30 ቀን ለቀዶ ጥገና እንደማይበቃ አውቃለሁ። የእኔም ጭንቀት እሱ ነው። ኮንትራቴ 7 ወር ቀርቶታል፤ እዚህ ልታከም ወይስ ጨርሼ አገሬ ልግባ የሚለውን ገና አልወሰንኩም።

ለጊዜው ፊዚዮቴራፒ ላይ ነኝ። ማዳም ረጅም እጀታ ያለው መወልወያ ገዝታልኛለች፣ እግዜር ይስጣት። ስለ ስግደቱ የንስሐ አባቴን በስልክ ጠየቅኋቸው፤ «ልጄ፣ ቆመሽ እጅ ንሺ» አሉኝ። የኤም አር አዩን ሲዲ አገር ቤት ከዜሮ እንዳልጀምር ከፓስፖርት ኮፒዬ ጋር አስቀምጫለሁ።

የዓረብኛ ቃላቱን የምትፈልግ ካለች ከሻይ በኋላ በአማርኛ ፊደል እጽፍላታለሁ።