ገመድ ስለሌላቸው ሁለት የእጅ መሣሪያዎች

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ማኅበሩ ለጋራ መገልገያ ሊገዛቸው ካሰባቸው መሣሪያዎች መካከል ሁለቱን፣ ይኸውም በባትሪ የሚሠራውን መሰርሰሪያና በአንድ ሣጥን አብሮት የመጣውን የሚመታ ካቻቢቴ፣ ሦስት ሳምንት ያህል በሥራ ላይ አውዬ ያየሁትን እንድነግራችሁ ታዝዣለሁ። ሦስት ሳምንት ለመሣሪያ አጭር ጊዜ ነውና የምናገረው የመጀመሪያ ትዝብቴን ብቻ ነው።

አስቀድሜ ስለ ስም። ካቻቢቴን ከጣሊያንኛ ተቀብለን የራሳችን አድርገነዋል፤ ለዚህ ለሁለተኛው መሣሪያ ግን የረጋ ስም ገና አላወጣንለትም። ገበያው ሁለቱንም «ድሪል» እያለ ስለሚሸጣቸው ገዢው አንዱን በሌላው ቦታ ሊያውል ይችላል።

መሰርሰሪያው የምናውቀው ነው፤ ገመዱ ብቻ ቀርቶለታል። ይህም ቢሆን አዲስ አይደለም፤ ብላክ ኤንድ ዴከር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ባለ ባትሪውን መሰርሰሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። የዚያን ጊዜው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ጉልበቱ ትንሽ ነበር፤ የዛሬው ሊቲየም ግን መብራት በጠፋበት ቀን እንኳ ሥራ አላስፈታኝም። አንገቱ ላይ ያለው ባለ ቁጥር ቀለበት፣ ማለትም ፍሪሲዮኑ፣ ብሎኑ በተወሰነለት መጠን ሲጠብቅ እየተንሸራተተ ይለቃል። ቁም ሣጥን ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የሚመታው ካቻቢቴ ሌላ ፍጥረት ነው። በውስጡ በሞላ የሚገፋ መዶሻ አለ። ብሎኑ እስኪከብደው ድረስ እንደ ተራ ካቻቢቴ ይዞራል፤ ሲከብደው መዶሻው ወደ ኋላ እያፈገፈገ፣ እንደገና እየተወረወረ፣ ዘንጉን በሚዞርበት አቅጣጫ ይመታዋል፤ ይህንም በደቂቃ ሦስት ሺህ ጊዜና ከዚያም በላይ ያደርገዋል። ምቱ ወደ ፊት ስላልሆነ ግንብ ለመብሳት ብሎ የሚገዛው ሰው ያዝናል። ነገር ግን 10 ሳንቲ ሜትር ብሎን በደረቀ የባሕር ዛፍ ወራጅ ውስጥ ሲያስገባ እጄ አልተጠመዘዘም። ይህንኑ በመሰርሰሪያው ስሞክር የእጄን አንጓ ይዞ ሊዞር ይታገለኝ ነበር። መሰላል ላይ ለቆመ ሰው ይህ ልዩነት የመውደቅና ያለመውደቅ ልዩነት ነው።

ጉዳቱ ደግሞ እዚያው ነው። እኔ የሞከርኩት ፍሪሲዮን የለውም፤ የሚያቆመው የሠሪው ጣት ብቻ ነው። አንድ ተለማማጅ የበር ማጠፊያ በቺፑድ ላይ ሲያስርበት ብሎኑ ጠብቆ ሳለ ጣቱን አላነሣም፤ ቺፑዱም ተፈልፍሎ ብሎኑ በባዶ ዞረ። ልጁን አልወቅሰውም፤ የብሎንን መጥበቅ በእጁ ሳያውቅ ይህን መሣሪያ አስይዘነዋልና። ድምፁም እጅግ ኀይለኛ ስለሆነ በተዘጋ ቤት ውስጥ ያለ ጆሮ መከላከያ ሊያዝ አይገባም።

ስለ ባትሪው ጥቂት ልጨምር፤ ገንዘባችን በእርግጥ የሚውለው በእርሱ ላይ ነው። የአንዱ ፋብሪካ ባትሪ ለሌላው አብዛኛውን ጊዜ አይገጥምም፤ ስለዚህ ዛሬ የምንመርጠው ባትሪ ነገ የምንገዛውን መጋዝና መላጊያ ሁሉ ይወስናል። «18 ቮልት» እና «20 ቮልት» የሚባሉትም በጉልበት አይበላለጡም፤ ሁለቱም እያንዳንዳቸው 3.6 ቮልት የሆኑ አምስት ሴሎች ተደርድረው የሚሠሩ ናቸው፤ 20 የሚለው ገና ከቻርጀር ሲወጣ የሚለካው ነው። በርካሾቹ ሣጥኖች ላይ 48 ወይም 88 የሚል ቁጥር ብታዩ ሴሉን ቁጠሩ፤ አምስት ከሆነ ያው 18 ነው።

የእኔ ሐሳብ ሁለቱም ይገዙ የሚል ነው። የሚመታው ለጣራ ሠራተኞች ይሰጥ። ተለማማጆች ግን የመጀመሪያ ዓመታቸውን በእጅ ካቻቢቴና ፍሪሲዮን ባለው መሰርሰሪያ ይሥሩ። በዚህ የማይስማሙ አባላት እንዳሉ አውቃለሁ፤ ስለዚህ መሣሪያዎቹን ከወራጅና ከቺፑድ ጋር በስተኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ሞክሯቸው።