ከጭነቱ በፊት ቁጥሩ ይድረሰን
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው የመረጃ ትንተና የትራንስፖርትና የሎጂስቲክስን ሥራ እንዴት እየለወጠው እንደሆነ እንድናገር ሲጠይቀኝ፣ ከመካከላችሁ «ነርስና ጭነትን ምን አገናኛቸው?» ያላችሁ ትኖራላችሁ። መልሴ አጭር ነው፤ መድኃኒትም ጭነት ነው። ከፋብሪካ ይነሳል፣ መርከብ ይሳፈራል፣ ወደብ ላይ ይራገፋል፣ በመኪና ይጓዛል፣ መጋዘን ይገባል። ነርስ ደግሞ በዚያ ረጅም መንገድ መጨረሻ ላይ የምትጠብቅ ሰው ናት። ጭነቱ ከዘገየ ወይም ከተበላሸ በሽተኛው ፊት የምትቆመው እሷ ናት።

ርዕሱ ዛሬ ከፊታችን ካለው ውሳኔ ጋርም በቀጥታ ይገናኛል። በአጀንዳችን ላይ ለወረዳችን ጤና ጣቢያዎች ሁለተኛ ኮንቴይነር እንላክ ወይስ ገንዘቡን ለሌላ ሥራ እናውለው የሚል ጥያቄ አለ። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ጥቂት ደቂቃ ስጡኝ።

«ዳታ አናሊቲክስ» የሚለው ቃል ለጆሮ ይከብዳል እንጂ ሥራው አራት ነገር ነው። ያለውን መቁጠር፣ የሚያስፈልገውን አስቀድሞ መገመት፣ መንገዱን መምረጥ፣ መድረሱን ማረጋገጥ። እናቶቻችን ለክረምት እህል ሲያስቀምጡ ይህንኑ ያደርጉ ነበር። የዛሬው ልዩነት ኮምፒውተር በሚሊዮን የሚቆጠር መረጃ ባንዴ አገናዝቦ መልስ መስጠት መቻሉ ነው።

በዚህ በአሜሪካ ብዙዎቻችን በዚህ ሥራ ውስጥ ነን። ኡበር የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች፣ ተሳፋሪ የት ሰፈር፣ በስንት ሰዓት እንደሚበዛ ስልካችሁ ይነግራችኋል። መጋዘን የምትሠሩ ስካነሩን ከእጃችሁ አትለዩም። አገር አቋራጭ ከባድ መኪና የምታሽከረክሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ የምትነዱበትንና የምታርፉበትን ሰዓት የሚመዘግብ መሣሪያ እንድትይዙ በሕግ ግዴታ ሆኗል።

የዩፒኤስን መኪና ልብ ብላችሁ ካያችሁ ሾፌሩ ወደ ግራ መታጠፍ አይወድም። ወደ ግራ ለመታጠፍ ከፊት የሚመጣውን መኪና መጠበቅ ስላለ ነዳጅም ጊዜም ይባክናል፣ አደጋም ይበዛል። ድርጅቱ ኦሪዮን የሚባል ፕሮግራም ሠርቶ የእያንዳንዱን ሾፌር የቀን መንገድ ያሰላል። በዚህም በዓመት 100 ሚሊዮን ማይል ያህል ጉዞና 10 ሚሊዮን ጋሎን ያህል ነዳጅ እንደሚያድን ገልጿል። ከእያንዳንዱ መኪና በቀን የሚቀነሰው ጥቂት ማይል ነው፤ ትርፉ የሚታየው ሲደመር ነው።

በምሠራበት ሆስፒታልም ነገሩ ይኸው ነው። መድኃኒት የምናወጣው ከተቆለፈ የኤሌክትሮኒክስ ቁም ሣጥን ነው። መታወቂያዬን አሳይቼ የበሽተኛውን ስም መርጬ አንድ ፍሬ ሳወጣ፣ ማሽኑ ያንን አንድ ፍሬ ከቀሪው ላይ ይቀንሳል። ቀሪው ከተወሰነው መጠን ሲወርድ ፋርማሲው ያውቃል። ከዚያ በበሽተኛው እጅ ላይ ያለውን አምባርና መድኃኒቱን በስካነር አገናኛለሁ። ትንተና የሚሠሩት ሌሎች ናቸው፤ ቁጥሩ የሚወለደው ግን በነርሷ እጅ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ አገር ቤት ስንሄድ ይጠቅመናል።

ሀብታም አገርም ቢሆን ጭነት ይቋረጥበታል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ በኖርዝ ካሮላይና ጎርፍ ሲያስከትል፣ ለአሜሪካ ሆስፒታሎች ከሚቀርበው በደም ሥር የሚሰጥ ግሉኮስና ሳላይን 60 በመቶ ያህሉን የሚያመርት ፋብሪካ ሥራ አቆመ። በየሆስፒታሉ ቁጠባ ተጀመረ። እንዲህ ባለ ጊዜ በቀን ስንት ከረጢት እንደሚጠቀም የሚያውቅ ሆስፒታል የትኛው በሽተኛ በአፉ መጠጣት እንደሚችል ለይቶ ያለውን ያብቃቃል። የማያውቅ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆንበታል።

ይህ የሀብታም አገር ወሬ ነው እንዳትሉኝ ወደ ሩዋንዳ ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ዚፕላይን የተባለ ድርጅት ከአገሪቱ መንግሥት ጋር ተስማምቶ ደም በድሮን ወደ ሆስፒታሎች ማድረስ ጀመረ። ሰው የሚገርመው በድሮኑ ነው፤ እኔን የገረመኝ ግን መጋዘኑ ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ ሆስፒታል «ምናልባት ቢያስፈልግ» እያለ ደም ያከማች ስለነበር ሳይሰጥ ጊዜው ያልፍ ነበር። አሁን ደሙ በማዕከል ተቀምጦ ሐኪሙ ሲያዝዝ ይላካል። እ.ኤ.አ. በ2022 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው ደሙ በመኪና ከሚወስደው ጊዜ በአማካይ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጥኖ ደርሷል። አገልግሎቱን ባገኙት ሆስፒታሎችም ጊዜው አልፎ የሚጣለው ደም ከአንድ ዓመት በኋላ በ67 በመቶ ቀንሷል። ደሙ ከመባከን የዳነው ማን፣ ምን፣ መቼ እንደሚፈልግ በመታወቁ ጭምር ነው።

አሁን ወደ ወረዳችን እንምጣ። አገራችን የመድኃኒት አቅርቦት ሥርዓት የላትም የሚል ካለ ተሳስቷል። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በየአካባቢው ቅርንጫፎች አሉት፤ ለእኛ ቅርቡ ደሴ ነው። በሥርዓቱ መሠረት ጤና ኬላ በየወሩ ለጤና ጣቢያው ያመለክታል። ጤና ጣቢያው በየሁለት ወሩ ሪፖርትና መጠየቂያ ሞልቶ ይልካል። ከሁለት ወር ፍጆታ እንዳያንስ፣ ከአራት ወር ፍጆታም እንዳይበልጥ ሆኖ ይሰላለታል። በአንዳንድ ተቋማት ዳጉ የሚባል ሶፍትዌር አለ። ስሙ የተወሰደው መንገደኛ ሲገናኝ ወሬ ሳይለዋወጥ ከማያልፍበት ከአፋሮች ባህል ነው፤ ጥሩ ስም አውጥተውለታል።

የዚህ ሁሉ መሠረት ቢን ካርድ የምንለው፣ መደርደሪያው ላይ የሚንጠለጠል ወረቀት ነው። የወረቀቱን ጉልበት በምሳሌ ላሳያችሁ፤ ቁጥሩን ለማስረዳት ያህል ነው የወሰድኩት። አንድ ጤና ጣቢያ ሁለቱን ወር በ40 አምፑል ኦክሲቶሲን ጀመረ፣ 80 ተጨመረለት፣ መጨረሻ ላይ ምንም አልቀረውም። ስለዚህ በሁለት ወር የተጠቀመው 120 ነው። የአራት ወር መጠኑ 240 ስለሚሆን 240 ይጠይቃል። ሒሳቡ ትክክል ይመስላል።

ነገር ግን መድኃኒቱ ያለቀው በ40ኛው ቀን ቢሆንስ? 20 ቀን ሙሉ መደርደሪያው ባዶ ነበር ማለት ነው። 120ው ያለቀው በ40 ቀን ከሆነ በቀን 3፣ በሁለት ወር 180፣ በአራት ወር 360 ያስፈልጋል። መድኃኒቱ ያልነበረበት ቀን ካልተመዘገበ 120 አምፑል ይጎድላል። ኦክሲቶሲን ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ የሚሰጥ መርፌ ነው፤ ለመከላከል ለአንዲት ወላድ የሚሰጠው 10 ዩኒት ሲሆን አንድ አምፑልም በብዛት 10 ዩኒት ይይዛል። እንግዲህ አንድ ባዶ ቦታ ባለመሞላቱ የስንት እናት መርፌ እንደሚቀር አስሉት።

ሌላም አለ። ኦክሲቶሲንና አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለባቸው። በክትባት ጠርሙስ ላይ ሙቀት ሲያገኘው ቀለሙ የሚጠቁር ትንሽ ምልክት አለ። ኦክሲቶሲን ግን ሙቀት አግኝቶት ኃይሉ ሲደክም በዓይን አይታወቅም፤ ውኃው ያው ንጹሕ ነው። አዋላጇ መርፌውን ወግታ ደሙ አልቆም ይላታል። በጉዞና በፍሪጅ ውስጥ ሙቀቱ በየቀኑ ካልተመዘገበ ጥፋቱ የት እንደደረሰ ማንም አያውቅም።

እርግጥ ነው፣ መረጃ መንገድ አይጠርግም፣ ነዳጅም አይሆንም። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር ይጠፋል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችንም ቅጽ መሙላት በዝቶባቸዋል። እኛ ደግሞ ሌላ ቅጽ ብንጨምርባቸው ሸክም እንጂ እርዳታ አይሆንም። ስለዚህ የሞሉትን እንጠይቅ እንጂ አዲስ አንጠይቅ። የምንፈልገውም የመድኃኒትና የዕቃ ቁጥር ብቻ ነው፤ የታካሚ ስምም ሆነ ፎቶ አያስፈልገንም።

በቅንነት የተላከ ጭነትም ሊጎዳ ይችላል። በቦስኒያ ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1996፣ ከተላከው የመድኃኒት እርዳታ ከግማሽ በላዩ የማይጠቅም ሆኖ 17,000 ቶን ያህል ቆሻሻ እንደሆነ ተገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1996 ባወጣውና በኋላም ባሻሻለው መመሪያ ተቀባዩ ያልጠየቀው መድኃኒት እንዳይላክ፣ የሚላከውም አገር ሲገባ ቢያንስ የአንድ ዓመት የአገልግሎት ጊዜ እንዲቀረው ይላል።

በዚህ መነሻነት ለጉባኤው አምስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ፈቃድ የጤና ጣቢያዎቹን ያለፉ ሦስት የሁለት ወር ሪፖርቶች እናግኝ። ስድስት ወር ውስጥ ደጋግሞ ያለቀው ምን እንደሆነ ከዚያ ይታያል።

ሁለተኛ፣ የምንልከው ዝርዝር ከእነሱ ይምጣ። ደሴ መጋዘን ያለውን ዕቃ ከዚህ ጭነን ውቅያኖስ አናሻግር።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ካርቶን ቁጥር ይኑረው። ምን እንደያዘ፣ ብዛቱና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ በአንድ ሰንጠረዥ ይመዝገብ። መጋዘን የምትሠሩ አባላት ይህን ከማንም በላይ ታውቁበታላችሁ፤ አንድ ቅዳሜ ብትሰጡን ይበቃል።

አራተኛ፣ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይያዝ ኮንቴይነር አይነሳ። ጅቡቲ ወይም ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ወረቀት ሲጠብቅ የሚቆም ኮንቴይነር ኪራይ ይቆጥራል፤ ያ ኪራይ የእናንተ መዋጮ ነው።

አምስተኛ፣ ዕቃው በደረሰ በሦስት ወሩ ምን እንደተሠራበት ሪፖርት ይምጣልን፤ በሚቀጥለው ዓመት መጽሔታችን ላይም ይታተም።

«ሕዝብ እየተቸገረ ወረቀት እንጠብቅ ወይ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ቅን ጥያቄ ነው። መርከብ ላይ ሳምንታት የሚፈጅ ጭነት ግን የዛሬን ችግር አይደርስበትም። የሚደርሰው ከወራት በኋላ ላለው ችግር ስለሆነ ያንን አስቀድመን ማወቅ አለብን። ሪፖርቱ ምናልባት ኮንቴይነር ላኩ ይለን ይሆናል። ምናልባትም ፍሪጅ አስጠግኑ፣ የሙቀት መመዝገቢያ ግዙ፣ ክትባት ወደ ቀበሌ ለሚያደርሰው ሞተር ሳይክል ጎማ ቀይሩ ይለን ይሆናል። ያ ከሆነ ኮንቴይነሩን መተው ሊከብደን አይገባም። ኮንቴይነር ፊት ቆሞ ፎቶ መነሳት ደስ ይላል፤ የተጠገነ ፍሪጅ ፎቶ አያምርም፤ ነገር ግን ሌሊት ለምትወልድ እናት የሚደርስላት እሱ ነው።

ስለዚህ የኮንቴይነሩ ውሳኔ ሪፖርቶቹ እስኪደርሱን በሁለት ወር እንዲዘገይ፣ ሪፖርቱን የሚያሰባስብ ሦስት ሰው ያለበት ንዑስ ኮሚቴም ዛሬ እንዲመረጥ እጠይቃለሁ። ከጤና ባለሙያዎች በኩል እኔ አለሁ። ከጭነትና ከመጋዘን ሥራ አንድ ሰው፣ ከኮምፒውተር ባለሙያዎችም አንድ ሰው ይጨመርልኝ።

በዙም የምትሰሙን የአገር ቤት የጤና ባለሙያዎች፣ ማታ ደክሟችሁ በሻማ ብርሃንም ቢሆን የምትሞሉት ቢን ካርድ ተራ ወረቀት እንዳይመስላችሁ። እዚህ ያለነው ሰዎች ቀጥሎ የምናደርገውን የሚወስንልን እሱ ነው።

 እግዚአብሔር አገራችንን ይባርክ።