በጨው የሰነበተ ፍርንባ

መጋቢት 8 ቀን፥ በፈረንጆች ማርች 17፥ ለአየርላንድ ሰዎች ወንጌልን የሰበከው የቅዱስ ፓትሪክ በዓል ነው። በኒው ዮርክና በቦስተን የሚኖሩ የአየርላንድ ተወላጆች በዚያ ቀን በገበታቸው የሚያቀርቡት «ኮርንድ ቢፍ» የተባለውን፥ በጨው ሰንብቶ ከጥቅል ጎመን ጋር የተቀቀለ የበሬ ሥጋ ነው። በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠው ማለታችን አይደለም። ስሙን የሰማ ሰው በቆሎ የገባበት ይመስለዋል፤ ነገር ግን «ኮርን» በጥንቱ እንግሊዝኛ ፍሬ ማለት ሲሆን፥ እዚህ ላይ የጨው ፍሬ ነው።

ታሪኩ ያሳዝናል። የእንግሊዝ ፓርላማ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1667 ዓ.ም. ከአየርላንድ ከብት ከነነፍሱ እንዳይገባ በሕግ ከለከለ። ስለዚህ ሥጋውን በጨው እያሹ፥ በበርሜል እያሸጉ፥ በኮርክ ወደብ በኩል ለመርከበኞችና ለካሪብያን ባሕር ደሴቶች መሸጡ እጅግ ሰፋ። ከብቱን የሚጠብቀውና ሥጋውን የሚያሸው ድኻ ግን ያንኑ ሥጋ ገዝቶ ለመብላት አቅም አልነበረውም፤ ቀለቡ ድንችና ወተት ነበር። ከ1845 ዓ.ም. ጀምሮ ድንቹን በሽታ መትቶት ታላቅ ረኃብ በሆነ ጊዜ፥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሲያልቅ ከሚሊዮን የሚበልጥ ተሰደደ። አያቶቹ ለሌላ ሲያዘጋጁት የኖሩትን ሥጋ ስደተኛው የበላው በአሜሪካ ደመወዝ ካገኘ በኋላ ነው፤ ፍርንባውንም ብዙ ጊዜ ይገዛ የነበረው ከአይሁድ ሥጋ ሻጮች ነበር። አገር ቤት የቀረው ዘመዱ ዛሬም ቢሆን ከጎመኑ ጋር የአሳማ ሥጋ ይመርጣል።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። ፍርንባው ጨው፥ ጥቂት ስኳር፥ ቁንዶ በርበሬ፥ ድምብላል፥ ሰናፍጭና ቅርንፉድ በገባበት ውኃ ተዘፍዝፎ በማቀዝቀዣ ውስጥ ከ5 እስከ 7 ቀን ይቆያል። ከዚያ በኋላ ታጥቦ በአዲስ ውኃ ይጣዳል። አንድ ጊዜ ከፈላ እሳቱ ይቀነስ፤ ውኃው ይርገብገብ እንጂ አይንተክተክ። የፍርንባ ጅማት የሚላላው በዝግታ ስለሆነ፥ የቸኮለ ሰው ጫማ ማኘኩ ነው። ሦስት ሰዓት ያህል ይብሰል፤ ድንቹና ካሮቱ በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት፥ ጎመኑ በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ይግባ። ሥጋው ወጥቶ ጥቂት ካረፈ በኋላ ጭረቱን አቋርጣችሁ ቁረጡት።

በዓሉ የሚውለው በዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። ካቶሊካውያን በጾሙ ዐርብ ሥጋ ስለማይበሉ፥ ቀኑ ዐርብ በዋለባቸው በ2017 እና በ2023 ዓ.ም. ብዙ የአሜሪካ ጳጳሳት ለዕለቱ ፈቃድ ሰጥተዋል። ሁዳዴን ሙሉ ለሚጾም የእኛ ሰው ግን እንዲህ ያለ ፈቃድ የለምና፥ ሊሞክረው የሚሻ ፋሲካን ይጠብቅ፤ ሥጋ ሻጩንም ስቡን እንዳይገፈው አስቀድሞ ይንገረው።