ድጋፉ የሚነሣበት ቀን
በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ስለ ልጆችና ስለ ኢንተርኔት የተደረገ ንግግር



በዚህ መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ድልድይ፥ ስለ ግድብና ስለ ኤሌክትሪክ መሥመር ነው። እኔ ግን በተፈቀደልኝ ጥቂት ደቂቃ፥ ልጆቻችን እያደጉ ሲሄዱ በኢንተርኔት ላይ ደኅንነታቸው እንዴት ሊጠበቅ እንደሚችል ለማስረዳት እሞክራለሁ። ጉዳዩ የወላጅና የመምህር ብቻ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን መሥመሩን የሚዘረጋውና መሣሪያውን የሚተክለው መሐንዲስ በመሆኑ፥ እኛም ከኃላፊነቱ ነጻ ልንሆን አንችልም።

እንደሚታወቀው ኢንተርኔት በአገራችን ለሕዝብ አገልግሎት መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ለብዙ ዓመታትም የአዋቂዎች መሥሪያ ሆኖ ቆየ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ግን፥ በርካታ ትምህርት ቤቶች ትምህርቱን በቴሌግራም ይልኩ ስለ ነበር፥ ስልክ በሕፃናት እጅ ገባ። ትምህርት ቤቶቹ ሲከፈቱ ትምህርቱ ወደ ደብተር ተመለሰ፤ ስልኩ ግን በብዙ ቤት በልጆች እጅ ቀረ።

በራሴ ቤት የደረሰውን ልንገራችሁ። ልጄ አሥር ዓመት በሞላት ጊዜ፥ በሙያዬ ተመክቼ፥ በቤታችን ራውተር ላይ የቤተ ሰብ ማጣሪያ ያለው ዲ.ኤን.ኤስ. አስገባሁ። ዲ.ኤን.ኤስ. ማለት የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚመልስ አገልግሎት ሲሆን፥ ማጣሪያ ያለው ደግሞ ለልጅ የማይገባ ድረ ገጽ ስም ሲጠየቅ ትክክለኛውን አድራሻ አይሰጥም። ሥራው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ረሳሁት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ልጅቱ ምግብ አልበላም አለች፤ ስልኩ በጮኸ ቁጥርም ትደነግጥ ጀመር። እናቷ ቀስ ብላ ብትጠይቃት፥ በአንድ ጨዋታ ውስጥ «የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ» የሚል ሰው እንደ ተዋወቃት፥ በመጀመሪያ የጨዋታ ስጦታ እንደ ሰጣት፥ በኋላም ፎቶግራፍ እንድትልክለትና ይህንንም ለማንም እንዳትናገር እንዳስጠነቀቃት ነገረቻት። ፎቶግራፉን አልላከችም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። «ታዲያ ለምን ቶሎ አልነገርሽኝም?» ብላት፥ «ስልኩን ትነጥቀኛለህ ብዬ ፈራሁ፥ አባዬ» አለችኝ።

ማጣሪያው አልተበላሸም ነበር። ዲ.ኤን.ኤስ. የሚያየው የድረ ገጹን ስም ብቻ ነው፤ በተፈቀደ ጨዋታ ውስጥ የሚጻፈውን መልእክት ፈጽሞ አያይም። ሰውየው የመጣው በተፈቀደው በር ነው። የቃላት ማጣሪያም ቢሆን በእንግሊዝኛ ቃላት ላይ ብቻ ከተሠራ፥ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ የሚጻፍ ማባበያ አጠገቡ ሲያልፍ አያውቀውም። ስለዚህ ያጣሁት መሣሪያ ሳይሆን የልጄን እምነት ነበር።

ብዙ ወላጆች ደግሞ «13 ዓመት ሲሞላው ይፈቀድለታል» በሚለው ደንብ ይተማመናሉ። ይህ ቁጥር በብዛት የተስፋፋው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ወጥቶ በ2000 ሥራ ላይ ከዋለው ሕግ ነው፤ ሕጉም የሚናገረው ዕድሜው ከ13 በታች የሆነ ልጅ የግል መረጃ ያለ ወላጁ ፈቃድ እንዳይሰበሰብ እንጂ፥ ልጁ በዚያ ዕድሜ እንደሚበስል አይደለም። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 10 ቀን 2025 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በታላላቅ የማኅበራዊ መገናኛ መድረኮች መለያ እንዳይኖራቸው ስትከለክል፥ ግዴታውን የጣለችው በኩባንያዎቹ ላይ ነው። በእኛም አገር የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ በመልእክት ወይም በምስል ለዝሙት ማባበልን በወንጀል ያስቀጣል። ይሁን እንጂ ሕግ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው።

የሙያችን ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ሶሌታ ከተሞላ በኋላ ከሥሩ የተተከለው የባሕር ዛፍ ድጋፍ በአንድ ቀን አይነሣም። ተራ ኮንክሪት በ7 ቀን የሚያገኘው ጥንካሬ የ28 ቀኑን ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ድጋፉን ቸኩሎ የነቀለ ቤቱን ያፈርሳል፤ ድጋፉን ለዘለዓለም የተወም ቤቱን ሊኖርበት አይችልም። የልጅ አስተዳደግም ከዚህ የተለየ አይመስለኝም።

እስከ ሰባትና ስምንት ዓመት ልጁ ስልክ የሚይዘው ሳሎን ውስጥ፥ ከወላጁ ጋር ተቀምጦ፥ የራሱ መለያ ሳይኖረው ይሁን። ከዚያ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ማጣሪያው ይኑር፤ አዲስ ፕሮግራም ወላጅ ሳይፈቅድ አይጫን፤ በጨዋታ ውስጥ ከማያውቁት ሰው ጋር መጻጻፍ ይዘጋ፤ ካሜራው በፎቶግራፉ ላይ የቦታ ምልክት እንዳይጽፍ ይደረግ። ከአሥራ ሦስት ዓመት ወዲህ ድጋፉ አንድ በአንድ ይነሣ፤ የሚነሣበትም ምክንያት ለልጁ ይነገረው። በዚህ ዕድሜ ሊያውቀው የሚገባው ዋና ነገር፥ በፎቶግራፍ የሚያስፈራራው ሰው ቢመጣ ገንዘብ እንዳይከፍል፥ መልእክቱን እንዳያጠፋ፥ ምክንያቱም ማስረጃ ነውና፥ በዚያው ቀንም ለሚያምነው አዋቂ እንዲናገር ነው።

እኔ ለልጄ አንድ ቃል ገባሁላት፤ ይኸውም እውነቱን ስለ ነገረችኝ ስልኩን እንደማልወስድባት ነው። ቃሌን መጠበቅ ማጣሪያውን ከማስገባት እጅግ የከበደ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ባለፈው ወር ግን አንድ እንግዳ መልእክት ቢደርሳት፥ ስልኩን ይዛ ወደ እኔ መጣች።

እንግዲህ ክቡራን ባልደረቦቼ፥ የትምህርት ቤት መሥመር ስንዘረጋ የመሥመሩን ፍጥነት ብቻ ለክተን አናስረክብ። ማጣሪያው የሚችለውንና የማይችለውን ለመምህራኑና ለወላጆቹ በግልጽ እንንገራቸው። የማይችለውን ሳይነግር መሣሪያ ያስረከበ መሐንዲስ፥ የሶሌታውን ጥንካሬ ሳይለካ ድጋፉን ከነቀለው አይሻልምና።